አሜባ በዓይን ውስጥ

አሜባ ሲባል ሁላችንም እጃችንን ወደ ሆዳችን እንሰዳለን። እኔም የባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ ሳለሁ፥ ሐኪሙ «ዓይንህ ውስጥ አሜባ ገብቷል» ባሉኝ ጊዜ «ዶክተር፥ ሆዴን እኮ ደኅና ነኝ» ብዬ መለስሁላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መነጽር ትቼ በዓይን ላይ የሚደረገውን ኮንታክት ሌንስ ለመድሁ። ማጠቢያው ፈሳሽ ሲያልቅብኝም ሌንሱን በቧንቧ ውሃ አለቀልቀው ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ግራ ዓይኔ ቀላ፤ ብርሃን ማየት አቃተኝ፤ ሕመሙም ከመቅላቱ እጅግ የባሰ፥ እንቅልፍ የሚነሣ ሆነ። በመጀመሪያ ያዩኝ ሐኪም፥ ምልክቱ ይመሳሰላልና የቫይረስ ቁስል መሰላቸው። «ሌንስህን በምን ታጥባለህ?» ብለው ቢጠይቁኝ ግን አስተማሪነቴ አሳፈረኝና «በማጠቢያው ፈሳሽ ብቻ» አልሁ። በዚያች አንዲት ቃል ሦስት ሳምንት ያለ ትክክለኛ መድኃኒት አለፈ።

ሁለተኛው ሐኪም እውነቱን ከነገርኋቸው በኋላ ዓይኔን አደንዝዘው፥ ኮርኒያ ከተባለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ላይ ጥቂት ፍቀው ወሰዱ። የተፋቀው በማይክሮስኮፕ ሲታይና ባክቴሪያ በተቀባ አጋር ላይ ሲዘራ፥ አካንታሜባ ተገኘ። ይህ ተሐዋሲ ከሆዱ አሜባ የተለየ ነው፤ በአፈርና በውሃ ውስጥ ራሱን ችሎ ይኖራል። ክፉ ቀን ሲመጣበት ድርብ ቅርፊት ለብሶ ይተኛል፤ ያን ጊዜ በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን እንኳ አይገድለውም።

ሕክምናው የሚረዝመውም በዚሁ ቅርፊት ምክንያት ነው። 0.02 በመቶ ክሎርሄክሲዲን ያለበት ጠብታ ታዘዘልኝ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሌሊትም ሳይቀር በየሰዓቱ ነበር፤ እናቴ «ተነሣ ልጄ» እያለች ታንጠባጥብልኝ ነበር። ከዚያም እየቀነስሁ ሰባት ወር ቆየሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 ዓ.ም. የእንግሊዝ አገር ሐኪሞች በሽታው በመድኃኒት መዳኑን እስኪገልጹ ድረስ፥ በዚህ ሕመም ብዙ ዓይን ጠፍቷል።

ዛሬ ግራ ዓይኔ ጥቁር ሰሌዳውን ያያል፤ ብቻ በመካከሉ እንደ ጢስ ያለ ጠባሳ ቀርቶበታል። ሌንስ የምታደርጉ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ሌንሳችሁን ውሃ አይንካው፤ ስትታጠቡም ሆነ ስትዋኙ አውልቁት። ዓይናችሁ ቢታመም ደግሞ ያደረጋችሁትን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው፤ እኔ የደበቅሁት ግን በሽታዬን እንኳ አልነበረም፤ ጥቂት የቧንቧ ውሃ ነበር።