ጭነት ማድረስ ወይስ ሽርሽር?

ዴንቨር የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ የከባድ መኪና ሹፌር በዚህ ሰመር ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ለሰባት ቀን ሊወጣ ነው። ትልቁ ልጁ ትምህርት ሲከፈት ራቅ ያለ ኮሌጅ ይገባል፤ አራቱም እንዲህ የሚሰባሰቡበት የመጨረሻው ሰመር ሊሆን ይችላል። አልጋና ማብሰያ ያለው ሞተርሆም ተከራይቷል።

የመጀመሪያ ዕቅዱ ሥራውን ይመስል ነበር፦ የሎውስቶን፣ ግላሲየር፣ ራሽሞር ተራራ፣ ከዚያ ቤት። ሚስቱ ወረቀቱን አይታ «ይሄማ ጭነት ማድረስ ነው» አለችው።

እውነቷን ነው። ከዴንቨር እስከ የሎውስቶን ፓርክ ብቻ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በፓርኩ ውስጥ ያለው ዋናው ዙሪያ መንገድ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ጎሽ መንገድ ዘግቶ ከቆመ ደግሞ ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል። በግላሲየር ዝነኛ የተራራ መንገድ ከ6.4 ሜትር በላይ የሚረዝም መኪና ተራራውን እንዲሻገር አይፈቀድለትም። የተከራየው 8 ሜትር ነው።

ሁለቱ ቦታዎች ተሰረዙ። ሁለት ቀን መሄጃ፣ ሁለት ቀን መመለሻ፣ ሦስት ቀን የሎውስቶን። ከሦስቱ አንዱ ባዶ ነው፤ ቡና ይፈላበታል።

ስደት ዕረፍትንም እንደ ፈረቃ መቁጠር ያስለምዳል። ብዙ ቦታ ማየት የወጣውን ገንዘብ ማስመለሻ ይመስላል። ልጆቹ ግን ዓመቱን ሙሉ የጎደላቸው ተራራ አይደለም፤ አባታቸው ነው። መሪ የጨበጠ አባት ደግሞ ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው።

ለቤተሰብ ጉዞ ስታቅዱ ከኪሎ ሜትሩ በፊት መኪናው የሚቆምበትን ሰዓት ጻፉ።