ከፍታ የወሰደብኝ አየር

ከአባቴ የወረስሁት ሀብት አንድ አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1979 ጀምሮ የተሠራው፣ በአገራችንም «ዲኤክስ» በሚል ስሙ ሽማግሌም ሕፃንም የሚያውቀው ዓይነት ስለ ሆነ መልኩን በመግለጽ የአንባቢን ጊዜ አላባክንም። ሞተሩ 1290 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሚይዝ፣ በካርቡራተር የሚሠራ፣ የበዴሳ መካኒክ ሁሉ ዐይኑን ጨፍኖ ሊፈታው የሚችል ነው። በሥራም ሆነ በዘመድ ጥየቃ ከበዴሳ ወደ ሶዶ፣ አልፎ አልፎም እስከ አርባ ምንጭ ስመላለስበት ብዙ ዘመን ሆነኝ።

በዚህ ምልልስ አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስደንቀኝ ነበር። ሶዶ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ አርባ ምንጭ ወደ 1300 ሜትር ዝቅ ትላለች። ወደ ቈላው በወረድሁ ቁጥር አሮጌው ሞተር የወጣትነቱ ዘመን እንደ ተመለሰለት ሁሉ ቀልጠፍ ይላል፤ ስመለስ ግን ዳገቱ ላይ ያለከልካል፣ ጥቁር ጢስም ይተፋል። በመጀመሪያ ነገሩ የዳገትና የቍልቍለት ጉዳይ ነው ብዬ ተውሁት። ኋላ ግን በሜዳውም ላይ ልዩነቱን ባየሁ ጊዜ ምክንያቱን ከመጻሕፍት መፈለግ ጀመርሁ።

ምክንያቱ አየር ነው። ሞተር ቤንዚንን ብቻ አይበላም፤ ለአንድ ኪሎ ቤንዚን ዐሥራ አምስት ኪሎ ያህል አየር ይሻል። በሶዶ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። እንግዲህ ፋብሪካው በባሕር ወለል ላይ መቶ ብሎ የመዘነው ጉልበት እኛ ዘንድ ሲደርስ ከሰማንያ ብዙ አይበልጥም ማለት ነው። ካርቡራተሩም የአየሩን መሳሳት ስለማያውቅ ቤንዚኑን እንደ ቈላው ሁሉ ያፈሳል፤ ጥቁሩ ጢስ የዚህ ውጤት ነበር። ይህን ባወቅሁ ጊዜ፣ ዕድሜ ልኩን ሳያውቀው ግብር ሲቈረጥበት እንደ ኖረ ሰው ተናደድሁ።

ንዴቴ ወደ ሐሳብ የተለወጠው ግን በአንድ ምሽት ምክንያት ነው። ባለቤቴንና ልጄን ይዤ ከብላቴ ሸለቆ ወደ ሶዶ የሚያወጣውን ዳገት ስወጣ፣ ሕዝቡ በፍጥነቱ ምክንያት «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመው ዓይነት ኢሱዙ እህል ተጭኖ ከፊቴ ይሳብ ነበር። ለመቅደም ወጣሁ። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጥሁ፤ ሞተሩ ጮኸ እንጂ መኪናው አልጨመረም። ከኢሱዙው ጎን ለጎን ሳለን ከላይ የመኪና መብራት ብቅ አለ። ፍሬን ይዤ ተመልሼ ከኋላው ገባሁ። ቤታችን እስክንደርስ ድረስ በመኪናው ውስጥ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ቱርቦ የሚባለውን ነገር ማጥናት ያዝሁ። ሐሳቡ የቈየ ነው፤ የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ በ1905 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት ማረጋገጫ ወስዶበታል። ሞተሩ የሚተፋው ትኩስ ጢስ አንዲት ትንሽ መዘውር ያዞራል፤ ያችም በአንድ ዘንግ የተያያዘቻትን ሌላ መዘውር አዙራ ንጹሕ አየር ጨምቃ ወደ ሞተሩ ታስገባለች። እኔን ይበልጥ የማረከኝ ግን የአሜሪካው ሳንፎርድ ሞስ ታሪክ ነው። እርሱ በ1918 እ.ኤ.አ. የአውሮፕላን ሞተር በካሚዮን ጭኖ፣ ከራስ ዳሽን ጥቂት ወደሚያንሰው ፓይክስ ፒክ ወደሚባለው ተራራ ጫፍ ወጣ። በባሕር ወለል 350 ፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እዚያ 230 ብቻ ሆነ፤ ቱርቦውን ሲያያይዙለት ግን 356 ሰጠ። ይህን ሳነብ ሰውየው ለእኛ ለደጋ ሰዎች የሠራልን መሰለኝ።

አንባቢ እንዳይታዘበኝ አንድ ነገር ልናዘዝ፤ በመጀመሪያ ያሰብሁት እንደ ሞስ የጠፋውን መመለስ ብቻ አልነበረም። በማስታወሻ ደብተሬ የጻፍሁት የመጀመሪያው ዕቅድ በሶዶ አስፋልት ላይ የወጣቶቹን አዳዲስ መኪና ሁሉ የሚያስንቅ ነበር። አንድ ያገለገለ የናፍጣ መኪና ቱርቦ ከወዳደቀ ብረት መካከል አግኝቼ ገዛሁና፣ እንደ ሕፃን ታቅፌ ወደማውቃቸው ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ወሰድሁት።

«ጋሼ፣ ይህ ለእኔ ሞተር አይሆንም?» አልኋቸው።

በጣታቸው ወዘወዙት፤ አሽከረከሩት፤ አሸተቱትም። «ልጄ፣ እርሱስ ይሆናል። ሞተርህ ግን ለእርሱ ይሆናል ወይ?» አሉኝ።

ካንዴላዎቹን ፈትተው የአራቱን ሲሊንደሮች ግፊት ለኩ። ሦስቱ ተቀራራቢ ሲሆኑ ሦስተኛው ሲሊንደር በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ። በዚያው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ደግመው ቢለኩ ግፊቱ ከፍ አለ። ይህ ማለት ቫልቩ ደኅና ነው፣ ያለቀው የፒስቶኑ ቀለበት ነው ማለት እንደ ሆነ አስረዱኝ። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ አየር ማጨቅ በተቀደደ ስልቻ እህል እንደ መስፈር ነው አሉ።

ከዚያ በኋላ ደብተሬን አወጣሁና አብረን ሒሳቡን ጀመርን። የዚህ ዓይነት ሞተር አየርና ቤንዚኑን ዘጠኝ እጥፍ ያህል ይጨምቃል፤ በዚያ ላይ ቱርቦው ብዙ ቢጨምርበት ቤንዚኑ ከጊዜው በፊት ይፈነዳና ሞተሩ ያንኳኳል፣ ፒስቶኑም ይበሳል። በ1962 እ.ኤ.አ. የወጣው ጄትፋየር የተባለው የኦልድስሞቢል መኪና ይህን ለመከላከል ውሃና አልኮል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ይረጭበት ነበር፤ ባለቤቶቹ ግን ፈሳሹን መሙላት እየዘነጉ ስላስቸገሩ መኪናው ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሸጥ ቀረ። እኔም ራሴን ስለማውቅ በዚህ መንገድ አልሄድም አልሁ። ታዲያ ቱርቦው 0.2 ባር ብቻ ቢጨምርስ? በሶዶ ከፍታ ይህ ሞተሩን ወደ ባሕር ወለል መመለስ ብቻ ነው፤ ፋብሪካው ከሠራለት ግፊት በላይ አይሸከምም። አየሩ ሲጨመቅ የሚጨምረው ሙቀትም ከ30 ዲግሪ እምብዛም ስለማያልፍ ሌላ ማቀዝቀዣ አያሻም። መካኒኩ ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ነገር ግን ርካሹ ቱርቦው ራሱ ሆኖ ተገኘ። የተለየ የጢስ መውጫ በብየዳ መሥራት አለ። በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚዞረው ዘንግ በዘይት ላይ ተንሳፍፎ ስለሚኖር የዘይት መስመር መዘርጋት አለ። የቤንዚን ጢስ ከናፍጣው ይበልጥ ስለሚግል የተገዛው ቱርቦ ስንት ጊዜ እንደሚችለው ማሰብ አለ። ካርቡራተሩን አየር በማያስወጣ ሣጥን መዝጋት፣ የነዳጅ ፓምፑን ግፊት ማሳደግ፣ ትርፉን ጢስ የምትለቅቀውን በር ማስተካከል፣ በዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራም ለሚጠይቀኝ ሰው መልስ ማዘጋጀት አለ። የመለዋወጫው ዋጋ ደግሞ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተተወ ወዲህ ትናንት የሰማኸው ዛሬ አይደገምም። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በዚያው ዓመት በመከልከላቸው፣ ሁሉም ያለውን አሮጌ እያደሰ ስለሆነ ደኅና ፒስቶን የያዘ ነጋዴ ይኰራል፤ አልፈርድበትም።

ሁሉ ተደምሮ የአራት ወር ደመወዜ ሆነ። ያን ያህል ገንዘብ የነበረኝ በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ለግፋታ በሬ ከጎረቤቶቼ ጋር ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀምነው፣ እኔ ገንዘብ ያዥ የሆንሁበት ሣጥን። ለጥቂት ቀን ከዚያ ልበደር ብዬ ማሰቤን አልክድም። ይህን ሐሳቤን ለባለቤቴ በነገርኋት ጊዜ አልጮኸችም። «ለመሆኑ ያን ቀን ማታ ያዳነን ጉልበቱ ነው ወይስ ፍሬኑ?» ብላ ጠየቀችኝና ወደ ጓዳ ገባች።

በማግሥቱ መኪናውን ይዤ ወደ ሽማግሌው ተመለስሁ። የፊት ጎማዎቹን አውልቀው የፍሬኑን ሸራ ሲያሳዩኝ ከብረቱ ጋር ሊገናኝ የቀረው የጥፍር ውፍረት ነበር። የሣጥኑን ገንዘብ ሳልነካ ከደመወዜ ፍሬኑን አሳደስሁ፤ ካርቡራተሩንም ለከፍታችን እንዲስማማ አንድ ቍጥር ያነሰ የነዳጅ ቀዳዳ አስገጠምሁለት፣ ጥቁሩም ጢስ ጠፋ። ቀለበቶቹን ከግፋታ በኋላ እናያለን ብለናል።

ቱርቦው በቡና ጆንያ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ተቀምጧል። ልጄ በጣቱ እያሽከረከረ ባቄላ ሲጨምርበት ስለ ደረስሁበት አፉን በጨርቅ ወትፌዋለሁ።