«ቲቸር፣ ካርታ ጀመሩ እንዴ?»

ባለፈው ቅዳሜ ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ ካርዶች ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ ኢንቦክሴ ሞልቷል። ግማሾቻችሁ «ቲቸር፣ ካርታ ጀመሩ እንዴ?» ብላችሁ የሳቅ ምልክት ደርድራችኋል። አንዱ ደግሞ (ስሙን አልጠራም፣ ድሮ ከኋላ ወንበር ኮንከር ሲጫወት ካርታውን የወረስኩበት ልጅ ነው) «እንግዲያው የኔን ይመልሱልኛ» ብሎ ጽፏል። አይመለስም።

አንድ በአንድ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። ረጅም ነው፣ ሻይ ያዙ።

ጨዋታው ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1993 ነው የወጣው። የፈጠረው ሪቻርድ ጋርፊልድ የሒሳብ ሰው ነው፤ ዶክትሬቱ በኮምቢናቶሪክስ ነው። አዎ፣ ያ ሁላችሁም የምትሸሹት የፐርሙቴሽንና ኮምቢኔሽን ምዕራፍ። እኛ ከምናውቀው ካርታ የሚለየው ሁሉም ሰው ከአንድ ጥቅል አለመጫወቱ ነው። እስከ ዛሬ ከታተሙት ከ20,000 በላይ የተለያዩ ካርዶች ውስጥ እያንዳንዱ ተጫዋች የሚበጀውን መርጦ፣ የራሱን ስብስብ ሠርቶ ይመጣል። ስብስቡን ዴክ ይሉታል። ቢያንስ 60 ካርድ መሆን አለበት። ከተራ መሬቶች በስተቀር ከአንድ ዓይነት ካርድ ከ4 በላይ አይፈቀድም። ከዚህ ሌላ በጨዋታዎች መሐል መቀየሪያ የሚሆኑ 15 ካርዶች በጎን ይያዛሉ። ሲጀመር 7 ካርድ ትስባላችሁ፣ ከዚያ በየተራው አንድ። ተቃዋሚያችሁ 20 ነጥብ ሕይወት አለው፤ ዜሮ ያደረሰ ያሸንፋል። የተቀረው ዝርዝር ነው።

እኔን የያዘኝ ጨዋታው አይደለም። ስጫወት ቀርፋፋ ነኝ፣ ካርዱ ላይ ያለው ጽሑፍም ያለ መነጽር አይነበበኝም። የያዘኝ ከጨዋታው በፊት ቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ነው።

ወደዚህ ያስገባኝ የእህቴ ልጅ ነው። 16 ዓመቱ ነው፤ ከአዲስ አበባ መጥቶ እኔ ጋ ሲልቨር ስፕሪንግ መኖር ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የመጀመሪያውን መንፈቅ ከትምህርት ቤት ይመጣል፣ ይበላል፣ በሩን ይዘጋል። እንግሊዝኛ ያውቃል። ግን እንደ ውሃ በሚያወሩ ልጆች መሐል አረፍተ ነገሩን በሆዱ ሠርቶ እስኪጨርስ ወሬው አልፎታል። አንድ ቀን የክፍሉ ልጅ ወደ ካርድ ሱቅ ወሰደው። ዓርብ ማታ በብዙ አገር የካርድ ሱቆች ውስጥ ፍራይዴይ ናይት ማጂክ የሚባል ውድድር አለ። እዚያ ከማታውቁት ሰው ፊት ለፊት ትቀመጣላችሁ፤ ወሬ ማሳመር አይጠበቅባችሁም። «ያንተ ተራ»፣ «እሺ»፣ «ቆይ ላንብበው»። ለአንድ ሰዓት ያህል በዚህ ብቻ ሁለት ሰዎች ይግባባሉ። በዚያ ምሽት ወደ ቤት ሲመለስ መኪና ውስጥ ያወራው በስድስት ወር ካወራው ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ዓርብ ማታ ለሌላ ጉዳይ አልገኝም።

እህቴ ግን ነገሩን ስትሰማ ደወለች። «ልጄን ካርታ ታስጫውታለህ አሉ» አለች። እኛ አገር ካርታ የሚለው ቃል ብቻውን አይሄድም፣ ቁማርን አስከትሎ ነው የሚሄድ። ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ እንደማይቀመጥ አስረዳኋት። አንድ ነገር ግን አልደበቅኋትም፦ ካርዶቹ በታሸገ ፓኬት ነው የሚሸጡት፣ ውስጡ ምን እንዳለ ሳይከፈት አይታወቅም። ያ ከሎተሪ ብዙ አይርቅም፣ ልጆችን የሚያሰክረውም እሱ ነው። ስለዚህ እኛ ቤት ፓኬት አይገዛም። የሚፈለገው ካርድ በነጠላ ዋጋው ታይቶ ይገዛል። ለውድድር የሚሆን ዴክ በመቶዎች ዶላር ሊያስወጣ ይችላል፤ ቀዩ ፈጣን ዴክ አብዛኛውን ጊዜ ከርካሾቹ መሐል ስለሆነ በሱ ተስማማን።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ካርዶቹ ሁሉ ዋጋ አላቸው፤ የሚከፈለውም ማና በሚባል ነገር ነው። ማና የሚገኘው ከመሬት ካርድ ነው። በአንድ ተራ አንድ መሬት ብቻ ታወርዳላችሁ። መሬት ካልመጣላችሁ እጃችሁ በጥሩ ካርድ ተሞልቶ ቁጭ ብላችሁ ትመታላችሁ። መሬት ብቻ ከመጣ ደግሞ በሬም ዘርም የሌለው ባለርስት ናችሁ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ከ60ው ስንቱ መሬት ይሁን የሚል ነው።

ከከረጢት ውስጥ ቀይና ሰማያዊ ኳስ ሳንመልስ ስናወጣ የሠራነውን ታስታውሳላችሁ? ያው እሱ ነው። 24 መሬት ካስገባችሁ፣ ከመጀመሪያዎቹ 7 ካርዶች ውስጥ መሬት ጭራሽ የማይኖርበት ወይም አንድ ብቻ የሚኖርበት ዕድል ከመቶ 14 ነው። ወደ 20 ስታወርዱት ከመቶ 25 ይጠጋል። አራት ካርድ ብቻ ናቸው የተቀነሱት! በሌላው ጫፍ፣ 7ቱ ውስጥ 5 እና ከዚያ በላይ መሬት የመምጣት ዕድል ከመቶ 8 ወደ 3.5 ይወርዳል። መጥፎ እጅ የመጣበት ሰው መልሶ በውዞ እንደገና መሳብ ይችላል፤ ከ2019 ወዲህ ባለው ደንብ 7 ይስብና አንዱን ከዴኩ ሥር ይመልሳል። በአንድ ካርድ ጎድሎ መጀመር ነው፣ ነፃ አይደለም።

እንግዲህ «ትክክለኛው ቁጥር ስንት ነው?» ብትሉኝ፣ ካርዶቻችሁ ስንት ይፈጃሉ ብዬ ነው የምመልሰው። በአንድና በሁለት ማና የሚወጡ ካርዶች ብቻ ከያዛችሁ ሁለት መሬት ያኖራችኋል፤ ከአራተኛው በኋላ የሚመጣ መሬት ሁሉ የባከነ ካርድ ነው። ስለዚህ 20 ይበቃል። ትልልቅ ካርድ የምትጠብቁ ከሆነ 24ም ያንሳችሁ ይሆናል። የእህቴ ልጅ ሰማያዊ ቀለም እንጨምር ብሎኝ ነበር። ፍራንክ ካርስተን የሚባል ኔዘርላንዳዊ ተጫዋች፣ እሱም የሒሳብ ሰው ነው፣ አንድ ባለቀለም ካርድ በመጀመሪያው ተራ ከመቶ 90 እንዲወጣላችሁ ያን ቀለም የሚሰጡ 14 መሬቶች ያስፈልጋሉ ብሎ አስልቷል። ለሁለት ቀለም 14 እና 14 ከ20 መሬት አይወጣም። ሁለቱንም የሚሰጡ መሬቶች አሉ፣ ዋጋቸውን ሲያይ ግን ራሱ ተወው።

ሰዎች ይህን ያወቁት ቀስ ብለው ነው። በ1996 አትላንታ ውስጥ በተደረገ የማጣሪያ ውድድር ፖል ስላይ የሚባል ተጫዋች ሁለተኛ ወጣ። ዴኩን የነደፈው ጄይ ሽናይደር ነው። ውስጡ ሰው አይቶ የሚስቅባቸው ደካማ ካርዶች ነበሩ፣ አይረንክሎ ኦርክስ የሚባለውን ጨምሮ። ግን ሁሉም ርካሽ ናቸው፤ በአንደኛው ተራ አንድ፣ በሁለተኛው ሁለት እያለ ያለውን ማና በየተራው አሟጦ ይጠቀማል። ተቃዋሚው ግርማ ሞገስ ያለውን ካርዱን ለማውጣት መሬት ሲቆጥር ጨዋታው ያልቃል። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለውን ዴክ በስሙ ስላይ ይሉታል። ካርድን ለብቻው አይቶ «ጎበዝ ነው፣ ሰነፍ ነው» ማለት እንደማይቻል ለልጁ ያስረዳሁት በዚህ ታሪክ ነው።

ያስረዳሁት ግን ድራጎኑ ጋ ስንደርስ አልሠራም።

ሺቫን ድራጎን የሚባል የታወቀ አሮጌ ካርድ አለ። ይበራል፣ አምስት ይመታል፣ ሥዕሉም ያምራል። ዋጋው 6 ማና ነው። ልጁ 20 መሬት ባለው ዴክ ውስጥ አንድ ሺቫን ድራጎን ሸጉጦ ነበር። ቁጭ ብለን አሰላን። ቀድሞ የጀመረ ተጫዋች እስከ ስድስተኛው ተራ 12 ካርድ ያያል፤ ከነዚያ ውስጥ 6 መሬት የመኖሩ ዕድል ከመቶ 15 ነው። የሱ ዴክ ደግሞ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ተራ ካልጨረሰ ብዙም አያሸንፍም። ቁጥሩን አየው፣ ነቀነቀ፣ ድራጎኑን መልሶ ዴኩ ውስጥ ከተተው።

«አሸንፎልኝ ያውቃል እኮ፣ ጋሼ።»

እውነቱን ነው፣ አሸንፎለታል። ያን ጨዋታ ከነዝርዝሩ ይተርከዋል። ችግሩ፣ ካርዱ እጁ ላይ ተቀምጦ የተሸነፈባቸውን ጨዋታዎች ማንም አይተርክም። እዚህ ላይ ደብተር ገዛሁለት። ማሸነፍና መሸነፍ አይደለም የሚጻፈው። ከ40 ጨዋታ 22 ቢያሸንፍ እውነተኛ አቅሙ ከመቶ 40ም ሊሆን ይችላል፣ 70ም፤ አርባ ጨዋታ ይህን ያህል ጭፍን ነው። አንድ ካርድ መቀየር የሚያመጣውን የአንድና የሁለት ከመቶ ልዩነት በእንዲህ ያለ ቆጠራ ለማየት በሺዎች የሚቆጠር ጨዋታ ይፈልጋል፣ እሱ ደግሞ የቤት ሥራም አለበት። የሚጻፈው ሌላ ነው፦ ጨዋታው ሲያልቅ እጅህ ላይ ምን ቀረ? ለምን ቀረ? በሱ ፈንታ ምን ብታገኝ ትወድ ነበር?

በ40 ጨዋታ ድራጎኑ ሰባት ጊዜ መጣ። አንዴ ወጣ። ስድስት ጊዜ እጅ ላይ ቀረ። ገጹን አሳየኝና ዝም አለ፣ ከዚያ ሳልጠይቀው ነገረኝ፦ ካርዱን የሰጠው የመጀመሪያ ቀን ወደ ሱቁ የወሰደው ልጅ ነው። ዴክ አልነበረውም፣ ልጁ ከራሱ ሳጥን ድራጎኑን አውጥቶ «ያንተ ነው» አለው። እዚህ አገር ከመጣ ከእኩያው የተቀበለው የመጀመሪያ ነገር ነው።

ምን ትሉታላችሁ? እኔ ምንም አላልኩም። ከመቶ 15 ለዚህ መልስ አይሆንም። ዴኩ ውስጥ ለሦስት ሳምንት ቆየ። አንድ ዓርብ ጠዋት ደብተሩ ላይ «−1 ድራጎን፣ +1 መብረቅ» የሚል አየሁ። ካርዱ አሁን ስልኩ ሽፋን ውስጥ፣ ጀርባው ላይ ነው፤ በፎቶው ላይ ያያችሁት ስልክ የሱ ነው።

ባለፈው ወር ሱቁ ውስጥ ከዓርቡ ከፍ ያለ ውድድር ነበር፣ አምስት ዙር። ሳምንቱን ሙሉ የተከራከርነው ስለ 15ቱ መቀየሪያ ካርዶች ነው። እዚህ ላይ ሒሳቡ ያልቅና ሰው ማወቅ ይጀምራል፦ ማን ይመጣል? ማን ምን ይወዳል? ባለፈው ዓርብ ማን ተናዶ ሄደ? የሱ ግምት ቀርፋፋ ዴኮች ይበዛሉ የሚል ነበር። መቀየሪያ ሲባል ሰው የሚጨመረውን ብቻ ያስባል፤ ለእያንዳንዱ የሚገባ ካርድ የሚወጣ አለ፣ የሚወጣውን ቤት ሆኖ ያልወሰነ ሰው ጠረጴዛ ላይ ሲጣደፍ ዴኩን ያፈርሳል። እሱ በትንሽ ወረቀት ጽፎ ይዞ ነው የሄደው።

ሦስት አሸነፈ፣ ሁለት ተሸነፈ። አንዱን የተሸነፈው መሬት በላይ በላዩ እየመጣበት ነው። ሁለተኛው የመጨረሻው ዙር፣ የመጨረሻው ጨዋታ ነበር፦ 7 ሳበ፣ አንድ መሬት። መልሶ በወዘ፣ እንደገና 7 ሳበ፣ እንደገና አንድ መሬት። ከኋላ ቆሜ አየሁት። ያዘና ተጫወተ፣ ተሸነፈ፣ እጁን ዘርግቶ ጨበጠ፣ ከልጁ ጋር ስለ ካርዶቹ አሥር ደቂቃ አወራ። በእንግሊዝኛ፣ እየሳቀ።

መኪና ውስጥ «ሁለት ጊዜ በተከታታይ ከመቶ ስድስት ነው አይደል፣ ጋሼ?» አለኝ። አዎ፣ ሩብ በሩብ ሲባዛ ስድስት ይሆናል። ትንሽ ዝም አለና «መሬቱን 19 ብናደርገውስ?» አለ።

መሬት አጥቶ በተሸነፈበት ማታ መሬት ይቀነስ ይላል! ምክንያት አለው፤ ደብተሩ ላይ በብዛት እጅ ላይ ቀረ ተብሎ የተጻፈው መሬት ነው። እኔ አልተስማማሁም፣ እስካሁንም እየተከራከርን ነው። 60 ካርድ፣ 19 መሬት፣ 7 ሲሳብ ዜሮ ወይም አንድ መሬት የመምጣቱ ዕድል ስንት ነው? ካልኩሌተር ይፈቀዳል። የኮንከሩ ልጅ ይጀምር።