በአንድ አንገት ሁለት ካሜራ

በ2017 ዓ.ም. ጥምቀት ሊደርስ ሲል እህቴ ከሲልቨር ስፕሪንግ በመንገደኛ ካሜራ ላከችልኝ፤ ካኖን ኢኦኤስ አር50። ለበዓል የመጣችው ጎረቤቷ ሻንጣ ውስጥ፣ በሕፃን ልብስና በቫይታሚን ጠርሙስ መሃል ተጠቅልሎ ነው የደረሰኝ። ሳነሳው ባትሪው ያልገባበት መስሎኝ ከፍቼ አየሁ። ገብቷል። ከነባትሪው ከነሚሞሪው 375 ግራም ነው፤ የኔው አሮጌ 1100ዲ ደግሞ ሌንስ ሳይገጠምለት ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ምንም አይቀረው።

1100ዲን የገዛሁት የፎቶ ሙያን ካስተማረኝ ሰው ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሲወጣ ካኖን ለጀማሪ ከሚሠራቸው ዲኤስኤልአሮች ሁሉ የታችኛው ነበር። 12 ሜጋፒክስል፣ ዘጠኝ የፎከስ ነጥብ፣ በሰከንድ ሦስት ፎቶ። አር50 የወጣው በ2023 ነው፤ 24 ሜጋፒክስል፣ በሰከንድ እስከ 15 ፎቶ። እሱም የጀማሪ ነው። የሴንሰራቸው ስፋት አንድ ነው ቢባል ይቻላል። በመሃላቸው ያለው 12 ዓመትና አንድ መስታወት ነው።

መስታወቱ የ1100ዲ ነው፤ ሌንሱ ያስገባውን ብርሃን ወደ ላይ እየመለሰ በመመልከቻው ቀዳዳ ለዓይን ያደርሳል። ሹተሩ ሲጫን ብድግ ይላል፣ ቀዳዳው ለቅጽበት ይጨልማል፣ ሴንሰሩ ድርሻውን ይወስዳል፣ መስታወቱም ተመልሶ ቦታው ላይ ይወድቃል። ያ ቀጭ የሚለው ድምፅ አብዛኛው የእሱ ነው። ሚረርለሱ አር50 መስታወቱን ጭራሽ አስወጥቶታል። ብርሃኑ ሁልጊዜ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል፤ ዓይን ቀዳዳው ውስጥ የሚያገኘው ትንሽ ስክሪን ነው።

የከተራ ዕለት ሁለቱንም አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከስድስት ኪሎ ወደ ጃንሜዳ አቀናሁ። ፍተሻው ላይ አንዱ ወጣት ፖሊስ «አብራና አንሳበት» አለኝ። በሁለቱም አንዳንድ ፎቶ አነሳሁ። አር50ውን በኤሌክትሮኒክ ሹተር ላይ አድርጌው ስለነበር ትንፍሽ አላለም። ፖሊሱ አገላብጦ አየውና «ይሄኛው የልጆች ነው እንዴ?» አለኝ።

ሌሊቱን ድንኳኖቹ አጠገብ አደርኩ። ከበሮ ሲመታ የማንም ካሜራ አይሰማም። ከበሮው አርፎ አንድ መሪጌታ ብቻቸውን ዜማውን ሲመሩ ግን የ1100ዲ ቀጭታ እስከ ድንኳኑ ጫፍ ይደርሳል። ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው የተከናነቡ አንዲት እናት ዞር ብለው «ልጄ፣ በመድኃኔዓለም፣ ይቺን ነገር ተዋት» አሉኝ። አዲሱን አነሳሁና አጠገባቸው ቆሜ እስኪበቃኝ ሠራሁበት። ሴትዮዋ አንዴም አልዞሩም።

በጨለማ ፎከስ ማግኘትም ሌላ ጣጣ ነበር። 1100ዲ ፎከስ ሲጠፋበት የሚያበራው የተለየ መብራት የለውም፤ አብሮት የተሠራውን ፍላሽ ካነሱለት በእሱ ብልጭ ድርግም እያለ ይፈልጋል። ታቦት ያደረበት ድንኳን ደጃፍ ላይ ይህ አይታሰብም። ስለዚህ የመሃሏን ነጥብ፣ ከዘጠኙ የምትታመነውን፣ የጧፍ ነበልባል ጠርዝ ላይ አሳርፌ ፎከስ ከያዝኩ በኋላ ፍሬሙን አዞር ነበር። አር50 የጧፍ ብርሃን የነካውን ፊት ሁሉ ራሱ ፈልጎ ዓይኑ ላይ ትንሽ ሳጥን ያስቀምጣል። በዓይኔ ጨለማ የመሰለኝን ቦታ ቀዳዳው ውስጥ አብርቶ ያሳየኛል፤ ትንሽ ቢንቀጠቀጥና ቢደፈርስም።

እስከዚህ ድረስ ውድድር የለም። ነገሩ የተገለበጠው ሌንሱ ላይ ስደርስ ነው። አር50 ይዞት የመጣው 18-45 ወደ 45 ሲዘረጋ አፐርቸሩ ከ6.3 በላይ አይከፈትም። የ1100ዲ 18-55 እንኳ ጫፉ ላይ 5.6 ነው። እኔ ደግሞ አሮጌው ላይ የገጠምኩት 50 ሚሊ ሜትር ባለ 1.8ቷን፣ ሁለመናዋ ፕላስቲክ የሆነችውንና 130 ግራም ብቻ የምትመዝነውን ሌንስ ነበር። ከ6.3 እስከ 1.8 ያለው ልዩነት የብርሃን 12 እጥፍ ነው። በአንድ ዓይነት የሹተር ፍጥነት አሮጌው በአይኤስኦ 800 ያነሳውን አዲሱ ለማንሳት ወደ 10,000 መውጣት ነበረበት። ወጣም፤ ፎቶውም ይታያል፣ ይህን አልክድም፤ አሮጌው 3200 ላይ ጥቁሩን ሁሉ በነጠብጣብ ይሞላዋል። ሆኖም ከዚያ ሌሊት ያስቀረኋቸው፣ የኋላ ጧፎች ቀልጠው ክብ ክብ ብርሃን የሆኑባቸው የዲያቆናት ፎቶዎች የተነሱት በአሮጌው ነው። ሱቅ ገብቶ ሜጋፒክስል የሚጠይቅ ሰው ሳይ ይህን ልነግረው ይቃጣኛል፤ ሻጩ ፊት ግን አይነገርም። 50ዋን አዲሱ ላይ ለመግጠም ደግሞ አዳፕተር ይጠይቃል። እህቴ ስለ አዳፕተር የሰማችው ነገር አልነበረም።

ሊነጋጋ ሲል መዘምራኑ መቋሚያቸውን ግራ ቀኝ እያወዛወዙ ወረቡን አደመቁት። ያለ ድምፅ እያነሳሁ ነውና ደስ ብሎኛል። ኋላ ስክሪኑ ላይ አጉልቼ ሳየው የአንዱ መሪጌታ መቋሚያ እንደ ማጭድ ጎብጧል። የኤሌክትሮኒክ ሹተር ጠባይ ነው፤ ሴንሰሩ ፎቶውን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ነው የሚያነበው፣ ታችኛው መስመር ላይ እስኪደርስ መቋሚያው ቦታ ቀይሯል። የድንኳኑ አምፖል ያበራባቸው ፎቶዎችም ጥቁርና ደብዛዛ ሽንትር ወጥቶባቸዋል፤ መብራቱ ለዓይን በማይታይ ፍጥነት ስለሚርገበገብ። ከዚያ ወዲያ ካሜራው ግማሽ ሥራውን በሜካኒካል ሹተር ወደሚሠራበት ቅንብር መለስኩት። ድምፅ አወጣ፤ ግን ከአሮጌው ድምፅ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ጥምቀት ቀን ላይ ሌላ ሥራ ነው። ሜዳው በሙሉ ነጭ ነው፤ ነጠላ፣ ጋቢ፣ የሐበሻ ቀሚስ፣ ጥምጥም። ከነጩ መሃል ያለው ፊት ደግሞ የኛው ጠይም ፊት ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ አማካይ ግራጫ ሊያደርገው ይፈልጋል፤ ሜዳ ሙሉ ነጭ ሲያይ «በዛ» ብሎ ያጨልመዋል፣ ፊቱም አብሮ ይሰጥማል። ጋሼ ድሮ ያስተማረኝ በአጭሩ ነው፤ «ነጭ ለባሽ ሲበዛ አንድ ጨምር።» ለምን እንደሆነ ሳይነግረኝ ዓመታት ጨመርኩ። በ1100ዲ አንድ ጨምሬ አነሳለሁ፣ ዝቅ ብዬ ያቺን 2.7 ኢንች ስክሪን በእጄ ጋርጄ አያለሁ፣ ሰፈፍ ያለው ነጭ ተቃጥሎ እንደሆነ እገምታለሁ፣ ቀና ስል ያየሁት ነገር አልፏል። በአር50 ፊቱ ሲጨልምም ነጩ ሲቃጠልም ሳልጫን ቀዳዳው ውስጥ ይታየኛል። በአውራ ጣቴ ዲያሉን አዞራለሁ፤ የአንዲት አሮጊት ፊት ከነሽብሽቡ ከነጠላው ጥላ ወጥቶ ሲመጣ እያየሁ እዚያው ላይ አቆማለሁ። በአንድ ጥዋት የሰዉን መልክ እንደ መልኩ አነሳሁት። ካሜራው የተላከልኝ ለዚህ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንኳ አይቆጨኝም ነበር።

ታቦታቱ ሲነሱ ቀይ ምንጣፍ የሚያነጥፉት ወጣቶች ከፊት ናቸው። ታቦቱ ያለፈበትን ጠቅልለው፣ ተሸክመው፣ እየሮጡ ከፊቱ ይዘረጉታል። ወደ ካሜራ እየሮጠ የሚመጣን ሰው በ1100ዲ ማንሳት የዕድል ጉዳይ ነው፤ በሰከንድ ከሦስቱ አንዷ ፎከስ ውስጥ ከገባች ተመስገን ነው። አር50 የአንዱን ልጅ ዓይን ከሩቅ ያዘና እፊቴ ደርሶ ምንጣፉን እስኪወረውር አልለቀቀውም። ጥርሱን ነክሶ፣ ላቡ በቅንድቡ ላይ ተንጠልጥሎ።

ወዲያው ግን ይኸው ጎበዝነቱ አናደደኝ። ታቦቱን በራሳቸው የተሸከሙት ካህን በድባብ ሥር እየመጡ ነው፤ ፊታቸው በመጎናጸፊያው ጥላ ግማሹ ተሸፍኗል። ካሜራው የእርሳቸውን ዓይን አላገኘም። ያገኘው ከፊት ክንዱን ቆልፎ ሕዝቡን የሚከላከለውን የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ነው፤ ሳጥኗ እሱ ላይ ተለጠፈች። ጣቴን ስክሪኑ ላይ እያሻሸሁ ላስለቅቀው ስሞክር ካህኑ አለፉ። ነጥቡን ማጥበብ እንደሚቻል አውቃለሁ፤ ጉዳዩ እሱ አይደለም። አዲሱ ካሜራ ማን ዋና እንደሆነ የራሱ ሐሳብ አለው፤ ለእሱ ዋናው ሰው ዓይኑ የታየው ነው። በዚያ በዓል ላይ ደግሞ ዋናው ሁልጊዜ የተሸፈነው ነው። ቀጥሎ የመጣውን ታቦት በ1100ዲ፣ በመሃሏ ነጥብ አነሳሁት። መሃሏ ነጥብ አስተያየት አትሰጥም።

ጸበሉ ሲረጭ ሁለቱንም ጃኬቴ ውስጥ ከተትኳቸው። የጀማሪ ካሜራ፣ አዲስም ይሁን አሮጌ፣ ውኃ እንዳይገባው ተደርጎ አይሠራም። የአዲሱ ባትሪም እዚያው ገደማ አለቀ። የአሮጌው በአንድ ቻርጅ ወደ 700 ፎቶ ይዘልቃል ተብሎ ነው የተጻፈለት፤ መስታወት መብራት አይበላም። አዲሱ ሳነሳም ሳላነሳም ስክሪኑ ይበራል፤ በስክሪኑ ከሆነ 400 ገደማ፣ በቀዳዳው ከሆነ ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። ለብዙ አገር ይህ ቁጥር ብቻ ነው። ማታ ቻርጅ ሰክቶ ለተኛና መብራት ሲጠፋ ለሚያድር ሰው የነገ ሥራ ነው።

በሳምንቱ እሁድ ሰርግ ነበረን። ጋሼ ቤተ ዘመዱን በአዳራሹ ደረጃ ላይ ደርድሮ በፍላሽ ሊያነሳ ነው፤ አዲሱን ይሞክረው ብዬ ሰጠሁት። ዓመታት የሠራንበትን የቻይና ፍላሽ ገፋ አድርጎ ሰካ። ገባ፤ አልበራም። ነቅሎ በሸሚዙ ጫፍ ጠራረገና ደገመ። አልበራም። የአር50 የፍላሽ መግጠሚያ የድሮ ፍላሾች የሚነኩት የመሃል ነጥብ የለውም፤ ካኖን ኤዲ-ኢ1 የሚባል አዳፕተር ለብቻው ይሸጥለታል። ከላይ ብቅ የምትለው የራሱ ፍላሽ ደግሞ ለሁለት ሰው እንጂ ለሦስት ረድፍ አጎትና አክስት አትበቃም።

«ጋሼ፣ አሮጌውን ልስጥህ?»

«ድሮስ ማን ይህን አምጣ አለህ» አለና እጁን ዘረጋ።

የቡድን ፎቶዎቹ በሙሉ የተነሱት በ1100ዲ ነው። እኔ ቃል ኪዳኑን፣ የእናትየዋን እንባና የኬኩን ግርግር በአር50 ሠራሁ፤ ቪዲዮውንም እንዲሁ። የአሮጌው ቪዲዮ 720 ላይ ስለሚቆም እሱን ማወዳደር ጊዜ ማጥፋት ነው። አልበሙ ሲታተም ጋሼ ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ቀላቅሎ ዘረጋቸው። ሙሽራዋ ለትልቁ ገጽ የመረጠችው የቤተ ዘመዱን ነው። 12 ሜጋፒክስል በ300 ዲፒአይ 36 በ24 ሳንቲ ሜትር ይታተማል፤ የአልበሙ ገጽ ከዚያ አይበልጥም። «የትኛው በየትኛው ተነሳ?» ብዬ ባልደረቦቼን ብጠይቅ እነሱም ለይተው የነገሩኝ የጥላውን ነጠብጣብ አይተው እንጂ በሜጋፒክስሉ አይደለም።

በፋሲካ ሌላ መንገደኛ ሁለቱንም አዳፕተሮች ይዞልኝ መጣ። 50ዋ አር50 ላይ ስትገጠም ያ የከተራ ሌሊት ክርክር አበቃ፤ የ1.8 ብርሃንና ዓይን የሚይዝ ፎከስ አንድ ላይ ሆኑ። ከዚያ ወዲያ 1100ዲ ከመደርደሪያው የሚወርደው ባትሪ ሲያልቅ ብቻ ሆነ።

ሰርግ ላይ መብራት የሚይዝልን ልጅ ይህን ሲታዘብ ቆይቶ አንድ ቀን መጣ። ሙያውን መጀመር ይፈልጋል። አዲሱ ከነሌንሱ ሲወጣ 800 ዶላር ገደማ ነበር፤ ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ያን ጊዜ በባንኩ ምንዛሪ እንኳ ቢሰላ መቶ ሺህ ብር አካባቢ ነበር። እሱን ሲያስብ እንደማይደፍረው ታውቆታል።

«አለቃ፣ አሮጌውን ስንት ትለቅልኛለህ?»

ዋጋ ነገርኩት። ከ18-55ቱ ጋር፣ ከሁለት ባትሪ ጋር።

«50ዋስ?»

«እሷ አትሸጥም።»

«እንግዲያው ቀንስልኝ» አለ። ቀነስኩለት።