ለፅንሱ ስንሰጋ እናቲቱን እንዳንረሳ

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ተረት ለደብተራ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ሳያውቅ ምክር ለሚሰጥ ሰው ሁሉ ነው። እኛም በዚህ ረገድ ጥፋተኞች ስለ ሆንን፣ ጥፋታችንን ብንገልጸው ሌላውን ከተመሳሳይ ስሕተት ይጠብቅ ይሆናል ብለን ብዕራችንን አንሥተናል።

ታናሽ እኅታችን መምህርት ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንቅልፍ የሚነሣ፣ ከምግብና ከሰው የሚያርቅ ከባድ ድባቴ ያዛትና ሐኪም ሰርትራሊን የሚባለውን መድኃኒት አዘዘላት። ተሽሏትም ወደ ማስተማሯ ተመለሰች። ኋላ ግን መፅነሷን ስትነግረን ደስታና ድንጋጤ አንድ ላይ መጡብን። «እንግዲህ ይህን ክኒን ጣይው፤ የሕፃኑን አንጐል ያበላሻል» አልናት። እናታችንም ቃላችንን ደገፉ። እርስዋም የታላቅ ወንድሟን ቃል አክብራ፣ ሐኪሟን ሳትጠይቅ በአንድ ቀን አቆመች። ሁለት ወር ሳይሞላ የቀድሞው ጨለማ ተመለሰ። አንድ ማታ «ወንድም ጋሼ፣ እኔ ብሞት ለሁላችሁም ዕረፍት ነበር» ስትለን፣ የሰጠነው ምክር ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባን።

በማግሥቱ ይዘናት ወደ ሐኪሟ ሄድን። ከዚያም ቀን ጀምሮ ነገሩን በመጠየቅና በማንበብ መረመርነው።

በመሠረቱ ፍርሃታችን ከከንቱ የመነጨ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961 በምዕራብ ጀርመን የተሸጠው ታሊዶማይድ የሚባል ማስታገሻ፣ በየአገሩ ከ10,000 የሚበልጡ ሕፃናትን የአካል ጉዳተኛ አድርጎ ዓለምን አስደንግጧል። ሰርትራሊንን የመሰሉ መድኃኒቶችም በእንግዴ ልጁ በኩል አልፈው ወደ ፅንሱ ይደርሳሉ። የሚሠሩትም ሴሮቶኒን በሚባለው ንጥረ ነገር ላይ ነው፤ ይህም በአዋቂ አንጐል መልእክት አድራሽ ሲሆን፣ በፅንስ አንጐል ግን ሕዋሳት የሚያድጉበትንና እርስ በርሳቸው የሚያያዙበትን መንገድ ከሚመሩት አንዱ ነው። በ2004 የታተመ ጥናት፣ በጨቅላነታቸው ፍሉኦክሰቲን የተሰጣቸው አይጦች ሲያድጉ ጠባያቸው ተለውጦ መገኘቱን አሳየ። በ2018 ደግሞ እናቶቻቸው በእርግዝና እንዲህ ያለ መድኃኒት የወሰዱ ሕፃናት አንጐል ሲመረመር፣ ስሜትን በሚያስተናግዱ አንዳንድ ክፍሎች ላይ ልዩነት ታየ።

ነገር ግን በምስል የታየ ልዩነት ሁሉ በሽታ አይደለም፤ አይጥም ሰው አይደለም። በ2022 በአሜሪካ የታተመ ሰፊ ጥናት፣ መድኃኒቱን በወሰዱ እናቶች ከ145,000 በላይ እርግዝናዎችን ካልወሰዱት ጋር አስተያየ። በመጀመሪያ በወሰዱት ልጆች ላይ ኦቲዝምና የትኵረት ችግር በዝቶ ታየ፤ የእናቲቱ ሕመምና ኑሮዋ ከታሰበ በኋላና ወንድማማቾች እርስ በርስ ሲነጻጸሩ ግን ልዩነቱ ከሞላ ጐደል ጠፋ።

በሌላው ወገን የሚዛኑ ክብደት ግልጥ ነው። በ2006 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ በእርግዝና ጊዜ መድኃኒታቸውን ካቆሙት ሴቶች ከ100 68ቱ ሕመሙ ተመልሶባቸዋል፤ ከቀጠሉት ግን 26ቱ ብቻ ናቸው። በአገራችንም በቡታጅራ በ1,065 ነፍሰ ጡሮች ላይ ተደርጎ በ2009 የታተመ ጥናት፣ የእናት የመንፈስ ጭንቀት ከምጥ መራዘምና ጡት ማጥባትን ከማዘግየት ጋር መያያዙን አሳይቷል። ስለዚህ ክኒኑ ሲጣል ፅንሱ ከአደጋ ሁሉ ነጻ ይሆናል ማለት አይደለም፤ የእናቲቱ ሕመምም ለእርሱ ይተርፋል።

እኅታችን በሐኪሟ ትእዛዝ መድኃኒቷን ቀጠለች። ሕፃኑም ሲወለድ ለጥቂት ቀን ተነጫነጨ፣ ተንቀጠቀጠም፤ ይህ ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ ተነግሮን ስለ ነበረ አልደነገጥንም፤ በክትትል አለፈ። ዛሬ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጥያቄውም አያልቅም። ይሁንና የአንድ ልጅ ደኅንነት ለሌላው ማስረጃ እንዳይሆን እናሳስባለን።

በመጨረሻ ለአንባብያን የምንለው አንድ ነገር ነው። ነፍሰ ጡር እኅት ወይም ባለቤት እንዲህ ያለ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ፣ ጣይው ማለትም ዋጪው ማለትም የእኛ ሥራ አይደለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደ ተባለ፣ ሕመሟን ሳታፍር እንድትናገር ልናደርግ፣ ሐኪሟም ዘንድ ልናደርሳት ይገባናል። እኛ ይህን የተማርነው ዘግይተን ነው፤ አንባቢያችን ግን ከእኛ ቀድሞ ይማረው።