ስለ አየር ቱቦው ግለ ሂስ

ሂስና ግለ ሂስ ለስብሰባ አዳራሽ ብቻ የተፈጠረ ነገር አይደለምና፣ እኛ በካይሮ የምንኖር አራት የሕክምና ተማሪዎች በጋራ መኪናችን የፈጸምነውን ስሕተት በዚህ ገጽ ልንናዘዝ ወደድን።

መኪናዋ በመዋጮ የተገዛች አሮጌ ኮሮላ ናት። ጕልበት አነሳት ብለን፣ ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባውን የፕላስቲክ ቱቦ አውጥተን ሰፊ የአሉሚኒየም ቱቦ ከክፍት ፊልትሮ ጋር ልንገጥም ተነሣን። የሠፈራችን ሽማግሌ መካኒክ «ተዉ» ቢሉን መች ሰማናቸው! በፊዚዮሎጂ እንደተማርነው የቱቦ ራዲየስ በእጥፍ ሲሰፋ የፍሰቱ ተቃውሞ 16 ጊዜ ያንሳል እያልን በተሰባበረ ዓረብኛ አስተማርናቸው። ሕጉ የሚሠራው ረጋ ብሎ ለሚፈስ ነገር እንጂ በሞተር ቱቦ ውስጥ ለሚናወጥ አየር አለመሆኑን ዘነጋን። ከሁሉም የጠበበው በር ነዳጅ ስንረግጥ የሚከፈተው ቫልቭ ነው፤ እርሱን ደግሞ አልነካነውም።

ቱቦው ሲገጠም ሞተሩ አገሣ። ድምፁን ጕልበት ነው ብለን ተጨባበጥን። ክፍቱ ፊልትሮ ግን ከኮፈኑ ሥር የጋለ አየር ይስባል፤ የጋለ አየር ሳስቶ ኦክሲጅኑ ያንሳል። የባሰው ግን የአየር መለኪያዋን ነቅለን በሰፊው ቱቦ ላይ መትከላችን ነው። አየር በሰፊ ቦታ ሲያልፍ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ መለኪያዋ ከእውነተኛው ያነሰ ትናገራለች፤ ኮምፒዩተሩም በዚያው ልክ ነዳጅ ይቆጥባል። ቤንዚን በደንብ ለመንደድ በክብደት 14.7 እጥፍ ያህል አየር ይበቃዋል፤ የእኛዋ አየር በዝቶባት ነዳጅ ተራበች። በሚኒሞ ትንቀጠቀጥ ጀመር። «ትለምደዋለች» አልን። በሽተኛ ላይ እንዲህ ብንል ኖሮ ከክፍል በተባረርን!

በዚህ ላይ እያለን ነው፣ እናቱ በጠና መታመማቸውን የሰማ አንድ የማኅበራችን አባል አውሮፕላን ጣቢያ እንድናደርሰው የለመነን። የ6 ኦክቶበር ድልድይ መኻል ላይ ሞተሩ ቀጥ አለ። ኮፈኑን ብንከፍት ፋሸታው ላልቶ ቱቦው ከመጋጠሚያው ወልቋል፤ ከመለኪያዋ በኋላ ሳይለካ የሚገባ አየር ሞተር ያጠፋል። ካቻቢቴ እንኳ አልያዝንም። ታክሲ እስክናገኝ አውሮፕላኑ አመለጠው። በማግስቱ ተሳፍሮ ሲደርስ እናቱ ተቀብረዋል።

የድሮውን ቱቦ መልሰው የገጠሙት እኒያው ሽማግሌ ናቸው፤ የእጅ ዋጋም አልተቀበሉን። ጓዳችን ሲመለስ የተቀበልነው በዚያችው መኪና ነው። ከኋላ ተቀምጦ ስለ አገር ቤት ክረምት አጫወተን እንጂ ስለዚያ ማታ አላነሣም። እኛም እስካሁን ፊት ለፊት ይቅርታ አልጠየቅነውም፤ ይህን የጻፍነውም ስለዚሁ ነው።