የአያ ሚሞሪ ካርድ

ዜናውን ያየሁት በሐምሌ 2013 መጨረሻ ነው። አንድ እሽጉ ያልተፈታ የሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ካሴት በ2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ ይላል። የቆምኩት ደሴ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ነበር፤ ከራያና ከቆቦ የተፈናቀሉ ሰዎች ክፍሎቹን ሞልተዋቸው፣ እኛ የሰፈር ልጆች ዳቦና ብርድ ልብስ እናመላልሳለን። ስልኬን ለጓደኛዬ አሳየሁት።

«ሳይጫወቱበት?» አለኝ።

«ፌስታሉ ራሱ አልተቀደደም።»

«ታዲያ ጌም መሆኑን በምን አወቁ?» ብሎ ዳቦውን ተሸክሞ ገባ።

እኔ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ማታ ማታ ኔትወርክ ሲገኝ ማንበብ ጀመርኩ። ከዚያ ሽያጭ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ሌላ ያልተከፈተ ማሪዮ በ660,000 ዶላር በጨረታ ሄዷል። እሱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 ለገና ስጦታ ተገዝቶ፣ የሆነ ሰው መሳቢያ ውስጥ 35 ዓመት ተረስቶ የኖረ ነው። አስቡት፣ መርሳት ሀብት ሲሆን! «ስታዲየም ኢቨንትስ» የሚባል የሩጫ ጌም አለ፤ ኔንቲዶ የምንጣፉን መብት ገዝቶ ካሴቱን ከገበያ ስለሰበሰበው ከሽያጭ ያመለጡት ጥቂቶች ዛሬ የሰብሳቢዎች ሕልም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካ ውስጥ ለተደረገ የኔንቲዶ ውድድር የተሠሩ ደግሞ አሉ፤ 90 ግራጫ፣ 26 ወርቃማ። ወርቃማዎቹ በመጽሔት ዕጣ የወጡ ናቸው። ዕጣ የወጣለት ልጅ ተጫውቶበት፣ ወንድሙ በጥርሱ ነክሶት፣ እናቱ የሆነ ቦታ ጥላው ይሆናል። ለዚያ ነው የተወደደው።

እኛ ጋ የነበረው ካሴት ምን ያወጣል ብዬ ማሰቤ አልቀረም። ቢጫ ነበር፣ ላዩ ላይ «9999999 በ1» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት። ከዚያ ሁሉ ሚሊዮን ጌም ውስጥ የተለያየው ሃያ ቢሆን ነው፤ የቀረው ያው ማሪዮ፣ ያው ታንክ፣ ያው ኮንትራ፣ ስሙ ተቀይሮ ቀለሙ ተገልብጦ ይመላለሳል። ማሽኑም ኔንቲዶ አልነበረም። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጡትን ፋሚኮም ቻይናና ታይዋን ገልብጠው ለዓለም ድሃ ልጆች ያዳረሱት አስመስሎ ነው። አልሠራ ሲል ካሴቱን አውጥተን እፍ እንልበታለን። እፍታው ሥራ የለውም አሉ በኋላ፣ እንዲያውም እርጥበቱ ብረቱን ያዝገዋል። ይሁን፤ እኛ ጋ ግን ይሠራ ነበር።

ዋጋው? ዜሮ። እንኳን ታሽጎ ሊቀመጥ፣ ጠርዙ እስኪነጣ ተልሷል።

ሙያዬ ግን ካሴት አልነበረም፤ ፕሌይስቴሽን ነው። አያ፣ ታላቅ ወንድሜ ማለቴ ነው፣ ከሸዋ በር ዝቅ ብሎ አንዲት ፕሌይስቴሽን ቤት ጠባቂ ነበር። ሦስት ቴሌቪዥን፣ አራት አግዳሚ ወንበር፣ በሩ ላይ ውስጡ እንዳይታይ የተንጠለጠለ ብርድ ልብስ። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ያውቃል፤ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ፒያሳን ሲውጣት እዚያ ቤት ውስጥ ግን በሰው ትንፋሽ ይሞቃል። አንድ ጨዋታ አንድ ብር፣ ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ አይነሳም። የደሴ ሕግ ይኸው ነው። መብራት ሲሄድ 3 ለ 0 ሲመራ የነበረው ልጅ ፊት ላይ የሚበራውን መብራት ባያችሁት! ከዚያ ጭቅጭቁ ይጀምራል፤ ይቆጠራል አይቆጠርም። አያ ዳኛ ነው። ብዙ ጊዜ አይቆጠርም ይል ነበር፣ ምክንያቱም አዲስ ጨዋታ አዲስ ብር ነው።

የሁሉ ንጉሥ ፔስ 6 ነበር። ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው። አድሪያኖ ከርቀት ሲለቃት በረኛው ዞሮ የማያያት። መብት ስላልነበራቸው ቼልሲን «ለንደን ኤፍሲ» ብለው የጻፉት፤ እኛ ደግሞ ለንደን የሚባል ክለብ አለ ብለን የተከራከርንበት። ማሽኑ ሲያረጅ ሌንሱ ይደክማል፤ አያ ከፍቶ በጥጥና በአልኮል ይጠርገዋል፣ እሱም አልሆን ሲል ማሽኑን በጎኑ ያቆመዋል፣ በመጨረሻ ይገለብጠዋል። ተገልብጦ የሚሠራ ማሽን ሦስት ወር ይኖራል ይል ነበር፤ እንደ ሐኪም።

ቤቱ ሲዘጋ ባለቤቱ ለአያ የቀረበትን ደመወዝ በአንድ ማሽን ከፈለው። ቤት አመጣው። ማታ ማታ፣ እማ ከተኛች በኋላ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። የሚጫወት መስሎኝ ነበር፤ ይጽፋል ለካ። ፔስ 6 ላይ የቡድን ስም፣ የተጫዋች ስም፣ ማልያ መቀየር ይቻላል። አንዱን ቡድን «ደሴ ከነማ» አለው። ከዚያ ሰፈሩን በሙሉ አስገባ፤ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ በአንድ በጆይስቲክ እየለቀመ። የሙጋዱ ወያላ ግራ ክንፍ፤ ፍጥነቱ 99። ዳቦ ጋጋሪው ተከላካይ፤ ራሰ በራነቱ ሳይቀር ተስተካክሎ። አንድ በልጅነቱ በምች የሞተ የጎረቤት ልጅ ነበር፣ እሱን 10 ቁጥር ሰጠው። ይኼን ለማንም አልተናገረም፤ እኔም ያየሁት ውሃ ልጠጣ ስነሳ ነው።

በ2005 አያ ሄደ። ብዙ የወሎ ልጅ በሄደበት፤ ጅቡቲ፣ ኦቦክ፣ ባሕሩ፣ የመን። በኅዳር 2006 ሳዑዲ ያገራችንን ሰዎች በገፍ ስታባርር እማ በየቀኑ ቴሌቪዥን ላይ ከአውሮፕላን የሚወርዱትን ትቆጥር ነበር። አልወረደም። ተደብቆ ተርፏል። ዛሬ ጂዳ ነው፤ በኢሞ ይደውላል፣ «አብሽሩ» ይላል፣ ብር ይልካል። አልተመለሰም።

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ደረሰ። ቤቱን ቆልፈን በሐረጎ ወርደን፣ በኮምቦልቻ አድርገን ወደ ደብረ ብርሃን። እማ የያዘችው ልብስና ፎቶ ነው። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ በሩ ተከፍቷል። ማን እንደገባ አላየንም፣ ልንምልበትም አንችልም። ቴሌቪዥኑ የለም፣ ምጣዱ የለም፣ ፍራሹ የለም፣ ፕሌይስቴሽኑም የለም። ሰው እንጀራ መጋገሪያውን አጥቶ ለጌም አያለቅስም፤ እኔም አላለቀስኩም።

ካርዱ የተገኘው ባለፈው ዓመት ነው። እማ ቁልፍና መርፌ የምታስቀምጥበት የብስኩት ቆርቆሮ አለ። ቁልፍ ፈልግ ብላኝ ስበረብር ታች ጥቁር፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ነገር። 8 ሜጋባይት። ላዩ ላይ ነጭ ፕላስተር፣ በእስክሪብቶ «አይነካም»። የአያ እጅ ጽሑፍ።

«እሱን እኔ ነኝ የደበቅኩት» አለች እማ። «ሲሄድ አደራ ብሎኝ ነበር። ምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። መድኃኒት ነው?»

ደሴ ውስጥ የሚሠራ ፕሌይስቴሽን 2 ፍለጋ ሁለት ሳምንት ዞርኩ። በዓለም ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል የሚባልለት ማሽን ፒያሳ ላይ የለም። ያሉት ቤቶች ወደ 4 አድገዋል፤ ልጆቹ ካርዱን ሳሳያቸው «ሲም ነው?» አሉኝ። በመጨረሻ ኮምቦልቻ አንድ ጠጋኝ አለ ተባልኩ። 25 ኪሎ ሜትር ነው፣ ግን የሐረጎ መጠምዘዣ ሲያንገላታህ ሩቅ ይመስልሃል፤ ደሴ ላይ ጃኬት ለብሰህ ተሳፍረህ ኮምቦልቻ በሸሚዝ ትወርዳለህ። ቀኝ እጄን ከኪሴ አላወጣሁም።

ጠጋኙ ጎልማሳ ሰው ነው። መደርደሪያው ላይ ሦስት የሞቱ ፕሌይስቴሽኖች፣ ከነሱ ሥጋ የሚኖር አራተኛ። ካርዱን ገልብጦ አየው፣ እግሩን በጥጥ ጠረገ። «ይህ ባትሪ የለውም፣ እንደ ድሮ ካሴት አይሞትም። ቢሆንም ቺፑ ዕድሜ አለው። ዱዓ አርግ» አለኝ። ሰካው።

ስክሪኑ ላይ ሁለት ምልክት መዞር ጀመረ። ፔስ ነው። አንዱ የቡድኑ ማስተካከያ፣ አንዱ ማስተር ሊግ። ቀኑ የማይሆን ቀን ነው፤ የማሽናችን የሰዓት ባትሪ ስለሞተ ሁሌ እ.ኤ.አ. ወደ 2000 ይመለስ ነበር። ግን አለ። ጠጋኙ ያለውን የፔስ ዲስክ ጫነ፤ ዲስኩ ካርዱን አይቶ «ምንም ፋይል የለም» አለ። ሌላ ሞከረ፣ ያው። «ፋይሉ የተጻፈው በራሱ ዲስክ ኮድ ነው» አለኝ፤ «የጃፓኑ የአውሮፓውን አያነብም፣ የአውሮፓው የጃፓኑን። ወንድምህ የተጫወተበትን ዓይነት ማግኘት አለብህ።» ስንት ነው ስለው እጁን አነሳ። ብር አልተቀበለኝም።

ያ ዲስክ ውጭ አገር በሻይ ዋጋ ይገኛል፤ ሰብሳቢ ዞሮ አያየውም። እኔ ግን ይኸው ስድስት ወር ሆነኝ። መርካቶ ያለ የአጎቴን ልጅ አስፈልጌያለሁ፣ ያገኘው ሁለት ነው፤ ሁለቱም ሌላ ኮድ። ደረጃ ሰጪ ድርጅት ቢመጣ ካርዴን በፕላስቲክ አሽጎ ስንት ነጥብ እንደሚሰጠው አላውቅም። ፕላስተሩን እንዲነቅል ግን አልፈቅድለትም።

ለአያ ነገርኩት። በኢሞ ፊቱ ቆመ፣ ኔትወርኩ መሰለኝ። ኔትወርኩ አልነበረም።

«እማ ጠበቀችው?»

«መድኃኒት መስሏት።»

ሳቀ። ከዚያ ዲስኩ ላይ በሰማያዊ ማርከር ኮከብ እንደነበረበት፣ ከሮቢት አካባቢ የሆነ ልጅ ተውሶት ሳይመልስ እንደሄደ፣ የልጁን አባት ሱቅ እንደሚያውቅ ነገረኝ። የሱቁን ምልክት አስጻፈኝ። ሊዘጋ ሲል፣ «ከተከፈተ ግን እንዳትናደድ» አለኝ።

«በምን?»

«አንተን ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው ያስቀመጥኩህ። ትንሽ ነበርክ።»